ለብ ያለው ቢጫ

ቂመኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ «አላወቅንም ነበር» እንዳትሉኝ። አንዳንድ ሰው ቂሙን ደጅ ላይ ጥሎት ይገባል። እኔ እንደ መሐረብ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ ሠርጋችን ላይ ማን አርፍዶ እንደመጣ እስካሁን ታስታውሻለሽ» ይለኝ ነበር። አዎ፣ አስታውሳለሁ። የእሱ አጎት ነው።

የምሠራው ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆች ጠዋት ይመጡልናል፣ ወላጆቻቸው ከሥራ ሲወጡ ይወስዷቸዋል። ልጆቹ «እቴቴ» ይሉኛል። ለአሥራ አንድ ዓመት የነበረኝ ሥራ አንድ ነው፤ ቀለም ማስተማር። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። «ቀለም ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ይሄ ቀይ ነው ትያቸዋለሽ፣ አለቀ!» ይላሉ። እስቲ ሞክሩት። የሁለት ዓመት ልጅ ፊት ቀይ ካርድ አንሡና «ይሄ ቀይ ነው» በሉት። ካርዱን ይበላላችኋል።

በዚያ ዕድሜ ልጅ የሚማረው በእጁ ነው። ስለዚህ የእኔ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛም ወንበርም አልነበረም። ወለሉ ላይ ላስቲክ ይነጠፋል፣ ላስቲኩ ላይ ሰፋፊ ሳፋዎች ይደረደራሉ። አንድ ሳምንት ለአንድ ቀለም ነው። በቢጫ ሳምንት ዱቄት ለብ ባለ ውሃ አቡክቼ፣ እርድ ጨምሬበት፣ ልጆቹን እስከ ክርናቸው እነክራቸዋለሁ። በሰማያዊ ሳምንት ስታርች በጥብጬ፣ የኬክ ቀለም ጨምሬ አቀዘቅዘዋለሁ፤ እንደ ንፍጥ ሲዝለገለግ በሳቅ ይፈርሳሉ። በቀይ ሳምንት በቀይ ስር ውሃ ነክሬ ያደረቅሁት ሩዝ ነው፤ ሻካራ፣ በጣት መሃል የሚንሸራተት። እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ የቀለሙን ስም ብቻ እላለሁ። ቢጫ። ቢጫ። ቢጫ። ቤቴ ስገባ ጥፍሬ ሥር ያለው እንኳ ቢጫ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ ይመስለኛል፣ አንዱ ልጅ እናቱ ልትወስደው መጥታ ስታቅፈው እጁን ብብቷ ውስጥ ከተተና «ቢጫ!» አለ። እናትየው ሳቀች። እኔ ክው አልኩ። ልጁ ለካ ቢጫን የሙቀት ስም አድርጎት ኖሯል! ሳምንቱን ሙሉ ስለፋ የከረምኩት ቀለም ሳይሆን ለብ ያለ ነገር ሳስተምር ነው። ከዚያ ወዲህ ከሦስቱ ቀለሞች ቀጥሎ አንድ ሳምንት ጨመርኩ፤ ስሙን «መገልበጫ» አልኩት። ለብ ያለውን ሊጥ ቀይ አደርገዋለሁ። ሩዙን ሰማያዊ፣ ቀዝቃዛውን ቢጫ። እጃቸው የለመደውን ያጣል፤ ግራ ይገባቸዋል፤ ያኔ እጃቸውን ትተው ሳፋውን በዓይናቸው ትክ ብለው ያያሉ። ቀለም የሚገባቸው በዚያች ቅጽበት ነው። እስካሁን ያቺን ቅጽበት አይቼ አልጠገብኳትም።

ይህን ሁሉ በሁለት ደብተር ጽፌው ነበር። አንደኛው ንጹሕ ነው፤ በላስቲክ የተሸፈነ፣ በጥሩ ጽሕፈት፤ የቀለሞቹ አዘገጃጀት፣ የሳፋው ስፋት፣ የውሃው ሙቀት ሁሉ አለበት። የመገልበጫው ደብተር ግን ሽርጤ ኪስ ውስጥ የሚኖር፣ እርድና ቀይ ስር የተለቀለቀበት፣ ለሰው ለማሳየት የሚያሳፍር ነው።

ዳይሬክተራችን አንድ ቀን በር ላይ ያዘችኝ። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምላት፤ እዚህ ግን እሷ ናት። «የኔ እመቤት፣ ያቺን ደብተርሽን እስከ ነገ አውሺኝ፤ ማየት አማረኝ» አለችኝ። ንጹሑን ሰጠኋት። ሌላኛውን ያልሰጠኋት ብልጥ ሆኜ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ነገ መጣ፣ ነገ ሄደ። ደብተሬ በአራተኛው ወር መጽሐፍ ሆኖ ተመለሰ። ሽፋኑ ላይ እሷ ራሷ ሳፋ ፊት ተንበርክካለች። በሕይወቷ ሳፋ ፊት ተንበርክካ አታውቅም፤ ፎቶው ላይ ጉልበቷ ሥር የተደረገው ትራስ ጫፉ ይታያል። ስሟ በትልልቁ ተጽፏል። የኔን ስም ፍለጋ ምስጋናው ድረስ ሄድኩ። የማተሚያ ቤቱ ሹፌር ተመስግኗል፤ እኔ የለሁም።

ደሜ ፈላ። ቢሮዋ ሄጄ መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ የኔ ሥራ ነው» አልኳት።

«እኛ እዚህ ቤት የኔ፣ ያንቺ የለም» አለች፣ ፈገግታዋ እንኳ ሳይጎድል። «አንድ ቤተሰብ ነን።»

«ታዲያ ሽፋኑ ላይ ቤተሰቡ የታለ?»

በማግስቱ ወደ መታጠቢያ ክፍል የሚያዛውረኝ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሥራዬ ልጆቹን ምግብ ሲደርስና ከጨዋታ ሲወጡ እጃቸውን ማስታጠብ ሆነ። ምክንያቱም ተጽፏል፤ «ካላቸው የረጅም ጊዜ የውሃ ልምድ አንጻር» ይላል። የውሃ ልምድ! በቁሜ ቀበረችኝ። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የባሰው ተሰማ። ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ሊመጡ ነው። ዘዴው በተግባር ይታያል፣ ከወደዱት መጽሐፉ ለማቆያዎች ሁሉ ይታደላል። ከታደለ በቃ፤ የኔ አሥራ አንድ ዓመት እስከ ወዲያኛው የእሷ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ቀን ስትል ክፍሉን ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ገብታ ማስተማር ጀመረች። ሁለት ወር ነበራት። እኔም ሁለት ወር ነበረኝ።

መታጠቢያ ክፍሉ ከቀለም ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ፎጣ እየጨመቅሁ ድምፅዋን እሰማለሁ። ቢጫ አለች፣ ሰማያዊ አለች፣ ቀይ አለች። አራተኛው ሳምንት ሲደርስ መገልበጫውን ትጀምር እንደሆነ ጆሮዬን ጣልኩ። እንደገና ከቢጫ ጀመረች። ከምን ታውቀዋለች? ደብተሩ ያለው እኔ ኪስ ነው።

ልነግራት እችል ነበር። በሩን አንኳኩቼ «ልጆቹ የሚያውቁት ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው፣ ቀለሙን አይደለም» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አልነገርኳትም። በዚህም ቢበቃኝ ደግ ነበር፤ አልበቃኝም።

እዚህ ላይ ስለ ድንቡሼ ልንገራችሁ። የዳይሬክተሯ የልጅ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ጉንጯ እስከ ትከሻዋ የሚወርድ። እኔ ከክፍሉ ልባረር ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነበር የገባችው። እንደሷ በእጁ የሚኖር ልጅ አላየሁም። በኮሪደር ስታልፍ ግድግዳውን እየዳበሰች ነው። አቅፋችኋት እንደሆነ ጆሯችሁን፣ ጥርሳችሁን፣ የሸሚዛችሁን ቁልፍ አንድ በአንድ ካልመረመረች አትወርድም። ታዲያ መታጠቢያ ክፍል ስታየኝ «እቴቴ እዚህ ነሽ!» ብላ የተጠመጠመችብኝ አጠማመጥ! ያን ቀን አያትየው ለእንግዶቹ የምታቀርበው ማንን እንደሆነ ገባኝ። የራሷን ልጅ ትታ የሰው ልጅ አታቀርብም።

ጨዋታውን በማግስቱ ጀመርኩ። «ዓይን ጨፍኚ!» እላታለሁ። እጇን ለብ ያለው ውሃ ውስጥ እነክርና «ቢጫ» እላታለሁ። ከቧንቧው ቀዝቃዛ ሥር አደርገውና «ሰማያዊ»። በሻካራው ፎጣ እያሸሁ «ቀይ»። በሦስተኛው ቀን እኔ ዝም አልኩ፣ እሷ ነገረችኝ። ዓይኗን ጨፍና ከመለሰች አጨበጭብላታለሁ። ከገለጠች አላጨበጭብም። ሌላ ምንም አላደረግሁም። አሥራ አራቱንም ልጆች እንደዚሁ አጫወትኳቸው፤ እሷን ግን እጥፍ። ቀጥሎ ካለው ክፍል አያትየው በምትጮኸው ቢጫ ላይ እኔ የራሴን ቢጫ እደርብበታለሁ።

ሙቅ ውሃውን የምታመጣልኝ ወጥ ቤቷ ናት፤ የቆየች ጓደኛዬ። አንድ ቀን ባልዲውን እንደያዘች በር ላይ ቆማ አየችን። ልጆቹ ከወጡ በኋላ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጨዋታ።»

«እኔን እንኳ አትሸውጂኝም እህቴ። ከሴትየዋ ጋር መጣላት መብትሽ ነው። ፊቷ ቁሚና የሆድሽን ንገሪያት፤ ከፈለግሽ መምቻውን ድስት እኔ አውስሻለሁ። ልጅቷ ግን ምን አደረገችሽ?»

«ምንም አትሆንም። በአንድ ሳምንት አስተካክላታለሁ። ሥራዬ አይደለም እንዴ?»

«ደብተርሽን ስትወስድ እሷም እንዲሁ ቀላል መስሏት ይሆናል» አለችና ባልዲዋን አስቀምጣ ወጣች።

ለሁለት ቀን አላናገርኳትም። ይህንንም አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቀኑ ደረሰ። ወላጆች ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ፤ ከቢሮ የመጡት አራት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። የቡድኑ ኃላፊ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ ትጽፋለች። ዳይሬክተራችን ከአንገት እስከ እግሯ ቢጫ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ ዶቃ የተጠለፈበት ውድ ቀሚስ። እኔ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ መታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ባለ ፎጣን ማን ያያል?

«ይህንን ዘዴ የብዙ ዓመት ልፋት ነው ያስገኘልኝ» ብላ ጀመረች። ልፋቷን ለማተሚያ ቤቱ ሹፌር ትንገረው።

መጀመሪያ ሁሉም እንደ ዘይት ሄደላት። ልጆቹ ሳፋዎቹ ዙሪያ ተንበረከኩ። ለብ ያለው ሊጥ ውስጥ ገብተው «ቢጫ!» አሉ፤ ዝልግልጉን ይዘው «ሰማያዊ!»፤ ሩዙን እየበተኑ «ቀይ!»። ወላጆች አጨበጨቡ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ፎቶ አነሣ። ልታመልጠኝ ነው፣ በኔው ሳፋ ተሻግራ ልትሄድ ነው ብዬ ፎጣውን በጥርሴ ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በጣም ደስ ይላል» አለች። «ከሳፋው ውጪ ቢጠየቁስ?» ከቦርሳዋ ቢጫ ካርቶን አውጥታ ሰጠቻት።

«እንዴታ!» አለች ዳይሬክተሯ። «ነይ የኔ ማር፣ ነይ የአያቷ!» ድንቡሼ እየተንከባለለች መጣች። አያትየው ካርቶኑን ከፍ አድርጋ ያዘችላት። «ይሄ ምን ቀለም ነው?»

ድንቡሼ ዓይኗን ግጥም አድርጋ ጨፈነች። እጇን ዘረጋች። ካርቶኑን በመዳፏ ቀስ ብላ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ ለስላሳ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። «ሰማያዊ!» አለች፣ ኩራት በኩራት ሆና።

ወላጆች ሳቁ፤ የደግ ሳቅ ነበር። አያትየውም ለመሳቅ ሞከረች። «አይ የኔ ተጫዋች! ዓይንሽን ግለጪና እዪ። እሺ፣ የአያትሽ ቀሚስስ?»

አሁንም ጨፈነች። የዶቃውን ጥልፍ በጣቷ ጫፍ አሸችው፤ ሻካራ ነው። «ቀይ!» ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና አንገቷን አዙራ እኔን ፈለገች፤ እንዳጨበጭብላት። የቀሩት አሥራ ሦስቱ ጨዋታው መጀመሩን ሲያዩ አንድ በአንድ ተነሡ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ክፍሉ መሃል ቆሙ። አንደኛው የእንግዳውን ጉልበት አገኘና «ቢጫ!» አለ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽም፤ ከሠርጌ ቀን የበለጠ ደስ አለኝ። ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ቢጫዋ ፊቷ እንደ አመድ ሲሆን ማየት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ካሣዬን በአንድ ጊዜ እንደመቀበል ነበር። ሁለት ወር ስመኘው የከረምኩት ይህንን ነው።

ከዚያ የልጅቷን አንጓ ያዘች። «በዓይንሽ! በዓይንሽ እዪ አልኩሽ! እጅሽን ሰብስቢ!» አለችና መዳፏን ጧ አደረገችው።

ድንቡሼ አላለቀሰችም። እጇን አየችው፤ የእሷ መሆኑን የተጠራጠረች ይመስል ነበር። ከዚያ ከጀርባዋ ደበቀችው። ጥቂት ቆይታ ሌላኛውንም ደበቀችው።

«ልጆቹ ለምንድን ነው ዓይናቸውን የሚጨፍኑት?» አለች ኃላፊዋ። የጠየቀችው ዳይሬክተሯን ነው። እኔ ግን ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። ፎጣውን ጥዬ ወጣሁ።

«መገልበጫው ስለቀረ ነው» አልኩና ያን ቆሻሻ ደብተር ከሽርጤ ኪስ መዝዤ ሰጠኋት። ወጥ ቤቷን ሙቅ ውሃ አስመጣሁ፤ ሊጥ አቡክቼ የቀይ ስር ውሃ ጨመርኩበት፣ ሁለት ልጆች አስቀመጥኩ። እጃቸውን ከተቱ፣ «ቢጫ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግራ ገባቸው። ቀና አሉ። ዓይናቸው ሳፋው ላይ ቀረ። አንዷ ቀስ ብላ «ቀይ?» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ኃላፊዋ በአንድ እጇ መጽሐፉን፣ በሌላው ደብተሬን ይዛ ገጽ በገጽ አስተያየች። «ይህ ክፍል መጽሐፉ ላይ የለም» አለች።

«እሱማ… በሁለተኛው እትም…» አለች ዳይሬክተሯ።

«ሁለተኛው እትም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው እንዴ የሚታተመው?» አለች ኃላፊዋ።

ስለ መታጠቢያ ክፍሉ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም።

መጽሐፎቹ እንደታሸጉ ተመለሱ፤ ወጥ ቤቷ ጥቂቶቹን የድስት ማስቀመጫ አድርጋቸዋለች። ሴትየዋ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረች። ደብዳቤዋን እንድጽፍ ቢፈቀድልኝ «ካላቸው የረጅም ጊዜ የመውሰድ ልምድ አንጻር» እለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ዓይኗን ትሰብራለች፤ እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማ «እንደምን አደሩ!» እላታለሁ። በእሷ የሚጸጽተኝ የለም። ነገም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ። የእጇን ነው ያገኘችው።

ክፍሌን ተረከብኩ። ሳፋዎቼን አጥቤ ደረደርኩ፤ መገልበጫውን ጀመርኩ። ለወጥ ቤቷ እንዳልኳት ሆነ፤ በሳምንቱ አሥራ ሦስቱ ዓይናቸውን ገልጠው ቀለም መጥራት ጀመሩ። ድንቡሼ ግን ሳፋው ጋ ትመጣና እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ትቆማለች። ግድግዳ አትዳብስም። ሳቅፋት ጆሮዬን አትነካም፤ እንደ እንግዳ ቀጥ ብላ ትታቀፋለች። ወጥ ቤቷ ውሃ ስታመጣ ታያትና ምንም ሳትለኝ ትወጣለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ትናንት ለእሷ ብቻ አቦካሁ። ዱቄቱን ሁለቴ ነፋሁት፤ ውሃው ልክ በፊት እንደምትወደው ለብ ያለ፣ እርዱ ሳይበዛ ሳያንስ። ሌሎቹ ሲተኙ ጠብቄ አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«ነይ የኔ ድንቡሼ። ንኪው እስቲ።»

«አልነካም።»

«የሚቆጣሽ የለም። እቴቴ ናት ያለችው። ንኪውና ምን ቀለም እንደሆነ ንገሪኝ።»

እጆቿን ከጀርባዋ ይበልጥ ቆለፈቻቸው። ዓይኗ ተገልጦ ነበር፤ ወለል ብሎ። ሳፋውን አላየችም፣ እኔን ነው የምታየው።

«አንቺ ንገሪኝ» አለች።

«ቢጫ ነው» አልኳት።

ሳትነካው አመነችኝ።